ከብርሃን መለዋወጥ የማይታየውን ማወቅ

በጎንደር አድባራት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የፀሐይንና የጨረቃን ሂደት ሲያሰሉና ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክም የጨረቃን ብርሃን በዐሥራ አራት ክፍል መድቦ፣ በየሌሊቱ የሚጨምረውንና የሚጎድለውን ይቈጥራል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የመጽሐፉን ሦስት ቅጂዎች ይዞ በ1773 አውሮፓ ደረሰ።

ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1783፣ እንግሊዛዊው ቄስ ጆን ሚቸል ስበቱ እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ የራሱ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ኮከብ ሊኖር እንደሚችል ጻፈ። ዛሬ ይህን የመሰለው አካል ጥቁር ጉድጓድ ይባላል። ነገር ግን የማይታይ ነገር በምን ይታወቃል?

የመልሱ አንድ ክፍል የተገኘው በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ በኩል ነው። ኬንያ ነጻ በወጣች በሰባተኛው ዓመት በዓል፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ከማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከቆመ መድረክ አንዲት ሳተላይት ተተኰሰች፤ ስሟም «ኡሁሩ»፣ በስዋሂሊ «ነጻነት» ተባለ። ይህች ሳተላይት ሲግነስ ኤክስ-1 ከተባለው ምንጭ የሚመጣው የኤክስሬይ ጨረር በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ እንደሚለዋወጥ አሳየች።

የዚህን ትርጉም ለመረዳት የጥምቀትን ዋዜማ ማሰብ ይበቃል። በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ጧፍ ይዞ የቆመው ሕዝብ ጧፉን እንዲያጠፋ ቢታዘዝ፣ ቃሉ ከዳር እስከ ዳር እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ክቡ በሰፋ መጠን ጊዜውም ይረዝማል። ከብርሃን የሚፈጥን መልእክተኛ የለም፤ እርሱም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ በሰከንድ አንድ ዐሥረኛ የሚለዋወጥ ምንጭ ከ30,000 ኪሎ ሜትር እምብዛም ሊሰፋ አይችልም። የፀሐይ ስፋት ግን ወደ 1,400,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ትንሽነት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ኒውትሮን ኮከብም ትንሽ ነውና። በ1971 ግን የግሪንዊችና የቶሮንቶ ተመራማሪዎች አንድ ግዙፍ ኮከብ ያንን ምንጭ በ5.6 ቀን እንደሚዞር ደረሱበት። በ2021 የታተመ ልኬት የስውሩን አካል ክብደት ከፀሐይ 21 እጥፍ አደረሰው፤ ኒውትሮን ኮከብ ይህን አይሸከምም።

የሊቃውንቱ ስሌት የበዓላትን ሥርዓት ለመጠበቅ፣ የሳይንቲስቶቹ የአካላትን ባሕርይ ለመግለጥ የቆመ ነው፤ ዓላማቸው ይለያያል። ሁለቱም ግን ብርሃንን በትዕግሥት ከጊዜ ጋር ያመሳክራሉ። በጎንደር የአብነት ትምህርት ቤትና የፊዚክስ ክፍል በአንድ ከተማ ይገኛሉ። ደቀ መዝሙሩና ተማሪው ሳይተዋወቁ ቢቀሩ ጉዳቱ የሁለቱም ነው፤ መምህሩ ቢያገናኛቸው ግን የሰማይ ምርመራ ለአገሩ ልጅ እንግዳ ሙያ አይሆንበትም።