ታምብለር የማይለየው ወርቅ

አሜሪካ ውስጥ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ መናፈሻና ባሕር ዳርቻ የሚያስሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ከሰው ኪስ የወደቀ ዝርዝር ሳንቲም ነው። አፈር ውስጥ ከርሞ ጠቁሯል። ማጽጃቸው ታምብለር ይባላል፦ ሳንቲሙን ከጠጠር፣ ከውኃና ከጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጋር ትንሽ በርሜል ውስጥ ከተው፣ በሞተር ለሰዓታት ያሽከረክሩታል። ባለ አንድ ሳንቲሞቹን ለብቻ ነው የሚያጥቡት፤ አለዚያ መዳቡ ሌሎቹን ያቀላቸዋል።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ይህን ማሽን እንደ አጭር ፕሮግራም ነው የማየው። የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ላይ ያለውን መፋቅ። ለዘመናዊ ኳርተር ችግር የለውም። ቢቧጨርም ያው 25 ሳንቲም ነው።

ታሪኩ ላዩ ላይ ያለ ሳንቲም ቢሆንስ? ለዚህ ከአክሱም የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አክሱም ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ የራሷን ገንዘብ ሠርታለች። የንጉሥ ኢዛና ወደ ክርስትና መግባት እዚያው ላይ ይታያል፤ ጨረቃና ክብ በነበሩበት ቦታ መስቀል ተተካ። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ፣ ስስ ወርቅ ተለብጧል። አስቡት፤ ለገበያ ዝርዝር ይህን ያህል ድካም!

መዳብ መሬት ውስጥ ሲቆይ አረንጓዴ ዝገት ያለብሰዋል። ወርቁ ከዚያ ሥር ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዴ ፊደሉ ራሱ የሚነበበው ከዝገቱ ላይ ነው። ስለዚህ የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች በማጉያ እያዩ፣ በቀጭን መሣሪያ ጥቂት በጥቂት ያነሡታል። ጠጠርና ሞተር ግን ወርቁንም ዝገቱንም እኩል ይወስዳሉ። በአሸዋ ወይም በሎሚ ማሸትም ያው ነው።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። አክሱም አካባቢ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው እነዚህ ሳንቲሞች ዛሬም ብቅ ይላሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሳታጥቡት አሳዩት። ኮድ ቢበላሽ ወደ ትናንቱ ይመለሳል፤ የተፋቀ ወርቅ ግን መመለሻ የለውም።