ካሊበር (ሶፍትዌር)

ካሊበር የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን ለመሰብሰብ፣ ለመመደብ፣ ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ ለመቀየርና ወደ ማንበቢያ መሣሪያዎች ለመላክ የሚያገለግል ነፃ ሶፍትዌር ነው። በዊንዶውስ፣ በማክኦኤስ እና በሊኑክስ ይሠራል። ምንጭ ኮዱ በጂፒኤል ፈቃድ ክፍት ሲሆን በአብዛኛው የተጻፈው በፓይተን ነው። በአንድ ቤት ያሉ ስልክ፣ ታብሌት፣ ላፕቶፕና ኪንድል አንድ የመጻሕፍት ስብስብ እንዲጋሩ ለማድረግ ያገለግላል።

ታሪክ

ፕሮግራሙን የጀመረው ኮቪድ ጎያል ነው። ሶኒ ኩባንያ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፒአርኤስ-500 የተባለው ማንበቢያ ከሊኑክስ ጋር አይሠራም ነበር። ጎያል መሣሪያው ከኮምፒውተር ጋር የሚግባባበትን መንገድ መርምሮ ሥራውን ጥቅምት 21 ቀን 1999 ዓ.ም. (ኦክቶበር 31 ቀን 2006 እ.ኤ.አ.) ጀመረ። የመጀመሪያ ስሙ ሊብፒአርኤስ500 ሲሆን በ2008 እ.ኤ.አ. ካሊበር ተባለ።

አወቃቀር

የካሊበር ቤተ መጻሕፍት ተራ ፎልደር ነው። በውስጡ ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ ፎልደር፣ በዚያ ሥር ደግሞ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ፎልደር አለ። መጽሐፉ፣ የሽፋን ሥዕሉና መግለጫውን የያዘ አነስተኛ ፋይል እዚያ ይቀመጣሉ። የሁሉም መጻሕፍት ዝርዝር የሚገኘው ግን በዋናው ፎልደር ባለ አንድ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ውስጥ ነው። አንድ መጽሐፍ በብዙ ፎርማት ሊቀመጥ ይችላል፤ ለስልክ ኢፐብ፣ ለኪንድል ኤዜድደብልዩ3 ቢኖረውም በዝርዝሩ የሚታየው አንዴ ብቻ ነው።

በብዙ መሣሪያዎች መጋራት

መጻሕፍትን በዩኤስቢ ገመድ ወደ መሣሪያ መላክ ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ ካሊበር በውስጡ የያዘው ሰርቨር ነው። ይህ ሲከፈት በቤቱ ዋይፋይ ላይ ያለ ማንኛውም ስልክ የኮምፒውተሩን የአይፒ አድራሻና የፖርት ቁጥር 8080 በብራውዘር አስገብቶ መጻሕፍቱን ማንበብ ወይም ማውረድ ይችላል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የመግቢያ ስም ከተሰጠ፣ በብራውዘር የሚያነብ ሰው በአንድ መሣሪያ ካቆመበት ገጽ በሌላው ይቀጥላል።

በአንጻሩ የቤተ መጻሕፍቱን ፎልደር በኔትወርክ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ከሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ መክፈት አይመከርም። ሁለቱ ዳታቤዙን እኩል ሲጽፉበት አንዱ የሌላውን ለውጥ ሊያጠፋ፣ ዝርዝሩም ሊበላሽ ይችላል። ፎልደሩን በድሮፕቦክስና በመሰል አገልግሎቶች ማመሳሰልም ተመሳሳይ አደጋ አለው። ስለዚህ የተለመደው አሠራር ዝርዝሩን የሚያስተካክለው አንድ ኮምፒውተር ሆኖ ሌሎቹ አንባቢ ብቻ እንዲሆኑ ነው።

የአማርኛ መጻሕፍት

ካሊበር ደራሲያንን በፊደል ተራ ሲደረድር የመጨረሻውን ስም ያስቀድማል። ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ አሠራር «ዓለማየሁ, ሐዲስ» ተብሎ በአባቱ ስም ይመደባል። የስም አደራደሩ በማስተካከያ ክፍሉ «እንዳለ ቅዳ» የሚል ትርጉም ወዳለው ምርጫ ሲቀየርና የቀድሞዎቹ ስሞች እንደገና ሲሰሉ ችግሩ ይወገዳል።

ሌላው ችግር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አንዱ የቤተሰብ አባል «ሐዲስ»፣ ሌላው «ሀዲስ» ብሎ ቢያስገባ ፕሮግራሙ ሁለት ደራሲያን አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በደራሲያን ዝርዝር ውስጥ አንደኛውን በሌላው አጻጻፍ መተካት መጻሕፍቱን ያዋህዳል።

የግዕዝ ፊደል የሌላቸው ማንበቢያዎች ጽሑፉን ባዶ ሳጥን አድርገው ያሳያሉ። ለዚህም መጽሐፉ ሲቀየር እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያለ ፎንት አብሮ እንዲገባ ይደረጋል። በስካነር ተነሥተው በፒዲኤፍ የተቀመጡ መጻሕፍት ግን ገጻቸው ሥዕል ስለሆነ ካሊበር ወደ ጽሑፍ ሊለውጣቸው አይችልም።

መጠባበቂያ

መላውን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ በቂ መጠባበቂያ ነው። ግልበጣው ካሊበር ተዘግቶ ቢደረግ ይመረጣል። ዳታቤዙ ብቻ ከተበላሸ ፕሮግራሙ በየመጽሐፉ ፎልደር ካሉት የመግለጫ ፋይሎች ዝርዝሩን መልሶ ሊገነባ ይችላል። የመጻሕፍቱ ፋይሎች ራሳቸው ከጠፉ ግን የሚመልሳቸው ሌላ ቦታ ያለ ቅጂ ብቻ ነው።