ምክትል መቶ አለቃ ማሞ ሀብተወልድ፣ ኮሪያ፣ 1945 ዓ.ም.

የጀግና ሜዳሊያ የአንድ ሰው ስም ቢይዝም የሚመሰክረው ስለ ጓዶቹም ጭምር ነው። በግንቦት 1945 ዓ.ም. በኮሪያ ጦርነት የተሰለፈው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ መኮንን የሆኑት ማሞ ሀብተወልድ፣ አንድ አሜሪካዊ ያለበትን 15 ሰው የያዘ የቅኝት ቡድን ሲመሩ በቁጥር እጅግ በሚበልጣቸው የቻይና ጦር ተከበቡ። ቆስለውም ከውጊያው አልወጡም፤ በራዲዮ የወገን መድፍ አስተኮሱ። ኢትዮጵያም አሜሪካም ሸለሟቸው።

«የሰው አገር ጦርነት ነበር» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ደሙ የፈሰሰው ከአገር ርቆ ነው። ነገር ግን ፋሺስት ኢጣሊያ ስትወራት የመንግሥታቱ ማኅበር የተዋት ኢትዮጵያ፣ የተጠቃ አገር ብቻውን አይቅር ማለቷ ከራሷ ቁስል የመጣ ነው። ከቃኘው አንድም ወታደር አልተማረከም፤ ቁስለኛና አስከሬን ጥሎ አለመመለስ ደግሞ በአንድ መኮንን ድፍረት ብቻ የሚሆን አይደለም።