ከጦር አውሮፕላን ወደ አማተሩ ጠረጴዛ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1941 ወደ ጦርነት ስትገባ፣ የአማተር ሬዲዮ ባለፈቃዶች ማሰራጫቸውን እንዲዘጉ ታዘዙ። እገዳው ከኖቬምበር 1945 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ፣ ገበያው ሠራዊቱ በማይፈልጋቸው የአውሮፕላን ሬዲዮዎች ተጥለቅልቆ ነበር። ከእነዚህም አንዱ ቢሲ-459 የተባለው ማሰራጫ ነው። ከ7 እስከ 9.1 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራ፣ የአማተሮቹ የ40 ሜትር ሞገድ ሳይለወጥ በውስጡ ይገኝ ነበር።

ችግሩ የኃይሉ ምንጭ ነበር። መሣሪያው የተሠራው ለአውሮፕላን 28 ቮልት ሲሆን፣ የሚያስፈልገውን ብዙ መቶ ቮልት የሚሰጠው ዳይናሞተር የተባለ ተሽከርካሪ መሣሪያ ነበር። አማተሩ ይህን ትቶ፣ ከቤቱ መብራት መስመር በትራንስፎርመርና በሬክቲፋየር ሌላ ምንጭ ሠራለት። ይሁን እንጂ የሞርሱ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ቮልቱ ዝቅ ስለሚል፣ የኦሲሌተሩ ሞገድ ይዋልል፣ ድምፁም እንደ ወፍ ጩኸት ይሆን ነበር። መድኃኒቱ የኦሲሌተሩን ቮልት በማረጋጊያ ቫልቭ መያዝ ነበር። በዚህም ሠሪው የሰው ሥራ ከፍቶ ማንበብን፣ ለአንዱ ክፍል የተደረገ ለውጥም ሌላውን እንደሚነካ ተማረ።

ትምህርቱ ግን ዋጋ ነበረው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ተቆርጠውና ተበስተው ስላለፉ፣ ሳይነኩ የቀሩትን ዛሬ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ ባለሙያ የሌላውን ሥራ ሲለውጥ፣ ያነሣውን ክፍልና ያዛወረውን ሽቦ መዝግቦ ከመሣሪያው ጋር ያኑር፤ ከእርሱ በኋላ የሚከፍተው ሰው አለና።