ጣርማበር ማርሽ ይጠይቃል፣ ከሚሴ ጎማ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በብስክሌት የሚሄድ መንገደኛ ጣርማበር ላይ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ቆሟል። ዋሻውን እንዳለፈ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ሸዋ ሮቢት። ሮቢት ላይ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ግድም ይወርዳል። ከዚያ በአጣዬና በሰንበቴ በኩል እስከ ከሚሴ ያለው መንገድ ለእግር ይራራል። ከኮምቦልቻ በኋላ ግን እንደገና ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ ደሴ የተቀመጠችው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

የጣርማበር ዋሻ የተበሳው፣ መንገዱም የዛሬውን መልክ የያዘው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የታሰበው ለወታደር ጭነት መኪና ነበር። መኪናው ዳገቱን የሚወጣው በካምቢዮው ነው፤ የዘመኑ ተራ ብስክሌት ግን አንድ ማርሽ ብቻ ነበረው።

ማርሽ የመቀየር ሐሳብ ጠፍቶ አልነበረም። እንግሊዞች በ1902 ባለ 3 ማርሽ የኋላ ሞዞ ለገበያ አውጥተዋል። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ሄንሪ ደግራንዥ ግን በዚያው ዓመት ማርሽ መቀየር ዕድሜው ከ45 ላለፈ ሰው ነው ብሎ ተሳለቀ። እሱ በኃላፊነት ላይ እስከቆየ ድረስ የቱር ጋላቢዎች የአልፕስን ተራራ የወጡት ከብስክሌት ወርደው የኋላውን ጎማ በእጅ እያገላበጡ ነው። በዘመናዊ ማርሽ መወዳደር የተፈቀደው በ1937 ነው፤ እሱ ከሥራው ከወረደ በኋላ፣ ኢጣሊያኖች በእኛ ተራራ መንገድ በሚቀዱበት ወቅት።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይገባል። ፊት 44 ጥርስ፣ ኋላ 18 ጥርስ ያለው ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል። ለከሚሴ ሜዳ ይህ ልክ ነው። ዳገት ላይ ግን ያንን 5 ሜትር በአንድ ርግጫ መግፋት ጉልበት ይሰብራል። በተራራ ብስክሌት ፊት ባለ 22፣ ኋላ ባለ 34 ጥርስ ላይ ሲገባ አንድ ዙር 1 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። እግር ብዙ ይዞራል፣ ጉልበት ግን ይተርፋል።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ሲሆን፣ ብስክሌተኞችም አብረው ሄደዋል። ገረመው ደንቦባና መስፍን ተስፋዬ ከነሱ መካከል ነበሩ። የጎዳናው ውድድር 187.73 ኪሎ ሜትር ሲሆን ያሸነፈው ኢጣሊያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። በዚያን ጊዜ የውድድር ብስክሌት በአብዛኛው 8 ወይም 10 ማርሽ ነበረው፤ ጎማው ግን እንደ ጣት የቀጠነ ነበር። አንድ ኢትዮጵያዊ ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ ለማየት ደግሞ ፅጋቡ ግርማይን እስከ 2016 መጠበቅ ነበረብን።

ሰፊው ጎማ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች ከተራራ ቁልቁል መሽቀዳደም ጀመሩ። የያዙት የወላጆቻቸውን ዘመን ከባድ ብስክሌት ነበር፤ ጎማው ከ2 ኢንች በላይ ወፍራም። የኋላ ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሳ ግራሱ ተቃጥሎ ይጨሳል፤ ታች ሲደርሱ ፈትተው እንደገና ግራስ ይሞላሉ። በጣርማበር ቁልቁለት የወረደ የጭነት መኪና ሾፌር ሽታውን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ማርሽ የጨመሩበት ተመልሰው ሽቅብ መውጣት ሲሰለቻቸው ነው።

በእኔ ግምት ከሚሴ ላይ ከማርሹ ይልቅ ጎማው ይቀድማል። ከተማዋ 1,400 ሜትር ግድም ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ናት፤ ከአስፋልቱ አንድ እርምጃ ወጣ ሲሉ የግራር እሾህ አለ። ባለ 21 ማርሽ ብስክሌት ገዝቶ አንዷን ብቻ የሚጠቀም ሰው ማየት ብርቅ አይደለም፤ ሽቦው ዝጎ፣ ማርሹ መሃል ላይ ቀርቶ። ጎሚስታ ግን ሥራ አይፈታም። የውስጡን ጎማ ነፍቶ በውኃ ሳህን ውስጥ ያዞረዋል፤ አረፋ ያወጣችውን ቀዳዳ በጣቱ ይዞ ያደርቃል፣ በአሸዋ ወረቀት ይፍቃል፣ ኮላ ቀብቶ ጥቂት ይጠብቃል፣ ከዚያ ይለጥፋል። እሾሁ ከውጪው ጎማ ካልተነቀለ ደንበኛው ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል።

ይህም ቢሆን ትልቅ ዕድገት ነው። ደንሎፕ በ1888 ቤልፋስት ውስጥ የሠራው በአየር የሚነፋ ጎማ ከቸርኬው ጋር የተጣበቀ ነበር፤ ሲበሳ ለመጠገን ሰዓታት ፈጅቶ ማስቲሹ እንዲደርቅ ያድራል። ሚሽሊን የሚፈታ ጎማ ሠርቶ ያንን ያሳጠረው በ1891 ነው።

አሁን ደግሞ ጀርመኖች ማርሹን በዘይት በተሞላ ዝግ ሳጥን ውስጥ ከተውታል። የሮሎፍ ባለ 14 ማርሽ ሞዞ በ1998 ወጣ፤ ፒኒዮን የተባለው ድርጅት ከዚያ ዘግይቶ እንደ መኪና ያለ ካምቢዮ ፔዳሉ ሥር ገጠመ። ለሸለቆው አቧራ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ዋጋው ግን አንዱ ብቻ ከ1,000 ዩሮ በላይ ነው። ወደ ከሚሴ ኪስ የሚቀርበው ሌላው ፈጠራ ነው፤ ጎማ ውስጥ የሚጨመር፣ እሾህ ሲበሳው ወዲያው ረግቶ ቀዳዳውን የሚደፍን ነጭ ፈሳሽ። እሱም በየጥቂት ወሩ ይደርቃልና እንደገና መሞላት አለበት፤ በቆላ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይደርቃል።