ታላላቅ ፊልሞችና የመርካቶ ተመልካች

የመርካቶው ራስ ቴአትር ቀድሞ ሲኒማ ራስ በነበረበት ዘመን የሕንድ ፊልሞች ይታዩበት ነበር። ነጋዴውም ሆነ ተሸካሚው ሂንዲ ሳያውቅ ታሪኩን ይከታተል፣ ያለቅስም ነበር። ቋንቋው ባዕድ ሲሆን ሐዘኑ እንዴት የራስ ሆነ?

መህቡብ ካን በ1957 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ማዘር ኢንድያ» ለዚህ መልስ ይሰጣል። ናርጊስ የተጫወተቻት ገበሬ ራድሃ በአራጣ አበዳሪ ዕዳ ሥር ልጆቿን ታሳድጋለች፤ በመጨረሻም የአንዲት ልጃገረድን ክብር ለማስጠበቅ የገዛ ልጇን በጥይት ትገድላለች። ዕዳን ለሚያውቅ፣ እናት ላለው ሁሉ ይህ አስተርጓሚ አያሻውም።

በአገራችንም ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. ለእይታ ያበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የጭሰኛውን ኑሮ ያሳያል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ቢሽርም፣ ፊልሙ አላረጀም፤ የሰው በሰው መበዝበዝ ያነሣው ጥያቄ ገና አልተዘጋምና።

እንግዲህ ታላቅ ፊልም የሚኖረው ተመልካቹ የራሱን ኑሮ እስካገኘበት ድረስ ነው።