የራይን ዳር ከተማና የጋፋት ሴቶች

ጋፋት ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው ሴባስቶፖልን ነው። ከደብረ ታቦር ልጆቻችንን ይዘን ስንሄድ የምናሳያቸው መድፉ የተሠራበትን ስፍራ፣ የምንተርክላቸውም ዐፄ ቴዎድሮስን፣ ፈረንጆቹን ባለሙያዎችና ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ እስከ መቅደላ የጎተተውን ሕዝብ ነው። እነዚያ ባለሙያዎች ግን ሚስትና ልጆች ነበሯቸው። ጋፋት የመድፍ መሥሪያ ብቻ ሳትሆን እንጀራ የሚጋገርባት፣ ሕፃን የሚታቀፍባት መንደርም ነበረች። ከሴቶቹ አንዷ የመጣችበትን ከተማ በዓይኔ የማየት ዕድል ስላገኘሁ ስለ እርሷና ስለ ጓደኞቿ ለማኅበራችን አባላት ልጽፍ ወደድሁ።

ባለፈው ክረምት ጀርመን አገር የምትኖረው የእህቴ ልጅ በራይን ወንዝ ላይ በሚደረግ የመርከብ ጉዞ ጋበዘችኝ። (ደጋፊዎቻችን እንዳትሰጉ፤ ከማኅበሩ ሣጥን አንዲት ሳንቲም አልወጣም።) ለእኛ ለጉናና ለርብ ሰዎች ወንዝ ማለት በክረምት የሚያስፈራ፣ በበጋ ደግሞ ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ነገር ነው። እዚያ ግን ወንዙ ራሱ መንገድ ነው። ድንጋይ ከሰልና ትልልቅ ኮንቴይነር የጫኑ ጀልባዎች ቀንና ሌሊት ይመላለሱበታል፤ ከተሞቹም ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ተሠርተዋል።

ጉዞው የሚጀምረው ከስዊስ ከተማ ከባዝል ነው። ከከተማዋ አጠገብ ቅድስት ክሪሾና የሚሉት ኮረብታ አለ፤ ዛሬ ረጅም የቴሌቪዥን ማማ ቆሞበታል። እዚያ ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1840 ሽፒትለር የተባለ ሰው፣ በእጃቸው ሙያ እየኖሩ ወንጌል የሚሰብኩ ወጣቶች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ከፈተ። ወደ ጋፋት የመጡት ሰዎች አብዛኞቹ የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የላካቸውም ቀደም ብሎ ጎንደርን የሚያውቃት፣ ኋላ በኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የወደዱት ስብከታቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነው፤ የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ።

መርከቡ ወደ ሰሜን ወርዶ ዱሰልዶርፍ ሲደርስ፣ እኔና የእህቴ ልጅ ሌላው መንገደኛ ወደ ሱቅ ሲበተን በትንሽ ጀልባ ወደ ካይዘርስቬርት ሄድን። ካይዘርስቬርት ዛሬ የዱሰልዶርፍ አንድ ሰፈር ትሁን እንጂ ራሷን የቻለች ጥንታዊ ከተማ ነበረች። በወንዙ ዳር የንጉሠ ነገሥት ፍሬደሪክ ባርባሮሳ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1184 የተሠራ፣ በ1702 በጦርነት የፈረሰ ነው። የግንቡን ውፍረት ሳይ የጎንደር ግንቦች ትዝ አሉኝ፤ የጎንደሮቹ ቁመናቸው ያምራል፣ ይህኛው ግን ዝም ብሎ ከባድ ነው።

እኔን የሳበኝ ግን ግንቡ ሳይሆን አንዲት ጎጆ የምታክል የአትክልት ስፍራ ቤት ናት። ቴዎዶር ፍሊድነር የተባለ ወጣት ቄስ እ.ኤ.አ. በ1822 ወደዚህች ከተማ ሲመጣ ምእመናኑ ይሠሩበት የነበረው የከፋይ ፋብሪካ ከሰረ፤ ሕዝቡም ደኸየ። ቄሱ ወደ ኔዘርላንድና ወደ እንግሊዝ ሄዶ ለደብሩ ገንዘብ ለመነ። በዚያው ጉዞ ሌሎች እስረኞችንና ድኆችን እንዴት እንደሚረዱ አየ። በ1833 እርሱና ሚስቱ ፍሪደሪከ ከወህኒ የወጣች፣ መግቢያ ያጣች አንዲት ሴት በዚያች ትንሽ ቤት አስጠለሉ። በ1836 ሆስፒታልና የዲያቆናዊቶች ማሠልጠኛ ከፈቱ። ፍሪደሪከ ልጆቿን እያሳደገች፣ ሠራተኛ እየመራች፣ ሒሳብ እየያዘች በ1842 ሞተች። መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚያነሱት የባሏን ስም ነው። በ1851 ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሙያ ለመቅሰም የመጣችው ወደዚሁ ቤት ነበር።

በራስ አገዝ ቡድን ውስጥ ላለን ሴቶች ዋናው ነገር ውላቸው ይመስለኛል። ዲያቆናዊቷ ደመወዝ አይከፈላትም። ምግብ፣ ልብስና ትንሽ የኪስ ገንዘብ ታገኛለች፤ ብትታመም ትታከማለች፣ ብታረጅ ትጦራለች። በዚያ ዘመን ላላገባች የድኃ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ማንበብና ማስታመም ተምራ፣ ሳታገባም ተከብራ የምትኖርበት በር ከፈተላት። ነገር ግን ካገባች ከማኅበሩ ትወጣለች። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ውል አልፈርምም፤ የእኛ እድር ባል አገባሽ ብሎ ማንንም አያባርርም። ቢሆንም ከአንዲት ጎጆ ተነስተው ለእርጅና ቀን የሚሆን ዋስትና ማበጀታቸው በየሳምንቱ ጥቂት ብር ለምንቆጥበው ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከካይዘርስቬርት የወጡ እህቶች በ1851 በኢየሩሳሌም ሥራ ጀመሩ። ፓውሊነ ኬለርም በኢየሩሳሌም ያገለገለች ዲያቆናዊት ነበረች። ከክሪሾና ሰዎች አንዱን ዮሐን ማርቲን ፍላድን አግብታ ወደ በጌምድር መጣች። ስታገባ የማኅበሯን ጥላ ትታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዋስትናዋ ባሏና ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበሩ።

በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ፍላድን ባለሙያና መሣሪያ ያመጣ ዘንድ ወደ እንግሊዝ ሲልኩት ፓውሊነንና ልጆቿን መያዣ አድርገው አስቀሩ። ባሏ ባይመለስ ምን ይደርስባት እንደነበር ማሰብ ነው። ተመለሰ፤ የተጠየቁት ባለሙያዎች ግን ምጽዋ ላይ ቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፋቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ሲነሱ ፈረንጆቹም ከነቤተሰባቸው አብረው ተጓዙ። ሴባስቶፖልን ያጀበው ጉዞ ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። ስለ መድፉ መንገድ ብዙ ተጽፏል። በዚያው መንገድ ሕፃን አዝለው፣ ዕቃ ጭነው፣ በየሰፈሩ እሳት እያነደዱ ስለተጓዙት ሴቶች ግን የምናስተምረው ጥቂት ነው።

ከእነርሱ መካከል የእኛው አገር ልጆችም ነበሩ። ቴዎዶር ዋልድማየር ያገባት ሱዛን ቤል አባቷ ለቴዎድሮስ የሞተው እንግሊዛዊው ጆን ቤል፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ያገባችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ ከመቅደላ በኋላ ወደማታውቀው ሊባኖስ ሄዳ ባሏ እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት ሲከፍት አብራው ነበረች። የመድፍ ባለሙያው የሞሪትዝ ሃል ሚስት ካታሪና ደግሞ የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደርና የኢትዮጵያዊት ልጅ ነበረች። ካታሪና መቅደላ የደረሰችው ነፍሰ ጡር ሆና ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩና ንጉሠ ነገሥቱ ሽጉጣቸውን ሲጠጡ፣ እርሷ በዚያው ቀን ሴት ልጅ ወለደች። ቤተሰቡ ኋላ ኑሮውን ያደረገው በያፋ ነው፤ ሕፃኗም አድጋ ኡስቲኖቭ ከሚባል የሩሲያ መኳንንት ወገን አገባች። በፊልም የምናውቀው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጇ ነው። ስሟን ማግዳሌና ብለዋት ነበር።